ጎመኔ ላይ የጠጅ ሣር ዘይት ረጨሁ፤ ንቦቼ ይሸሻሉ ስል ጭራሽ መጡ

ሲስተር_ጡረታ (ቢሾፍቱ)፣ የካቲት 6

ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቼ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ሦስት መደብ ጎመን አለኝ። ትንሽ ቃሪያ፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ ሁለት ዘመናዊ ቀፎ።

ከጥር ጀምሮ ጎመኑን ክሽክሽ ወረረብኝ። ቅጠሉን ስገለብጠው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጎረቤቶቼ ኬሚካል ርጪበት አሉኝ። ጎመኑን የልጅ ልጆቼ ይበሉታል፣ ንብም አለኝ። አይሆንም አልኩ።

ጠጅ ሣር ግን ሞልቶኛል። አረቄ የምታወጣ ወዳጅ አለችኝና በእሷ ዕቃ ሞከርን። 18 ኪሎ የሚሆን ሣር ቆራርጠን በአራት ዙር አፈላነው። በመጨረሻ ውሃው ላይ የተንሳፈፈችውን ቢጫ ዘይት በሲሪንጅ ስቤ አወጣኋት። 60 ሚሊ ሊትር ሆነች። ይኸው ነው፣ ከ18 ኪሎ! (ወዳጄ ቀጥላ ያወጣችው አረቄ ሁሉ ጠጅ ሣር ጠጅ ሣር ሸተተባት። ደንበኞቿ እስካሁን ይስቁብኛል።)

በ1 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ዘይትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጬ፣ ሁለት ሊትር አዘጋጅቼ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሁለቱን መደብ ረጨሁ። ሦስተኛው ሳይደርሰው አለቀ።

በማግስቱ ከክሽክሹ ብዙው ረግፏል። ደስ አለኝ። ግን ደስታዬን የሚያበላሹ ነገሮችም አየሁ። የጎመኑ ቅጠል ዳር ዳሩን ተቃጥሏል። ቅጠሉ ሥር ጥቁር፣ ብርቱካናማ ምልክት ያላቸው፣ የጫሞን አዞ አሳንሰህ የሠራኸው የሚመስሉ ትሎች ሞተው አገኘሁ፤ ሰባት ቆጠርኩ። የገረመኝ ደግሞ ንቦቹ ናቸው። በረጨሁበት ቀን ከሰዓት በኋላ መጥተው ጎመኑን ይዞሩታል። አበባ የለውም እኮ! አንዳንዶቹ ቅጠሉ ላይ አርፈው ይዘዋወራሉ። የሞተ ንብ ግን አላየሁም።

ሌላም አለ። ቅጠሉ ላይ ተለጥፈው የቀሩ፣ ያበጡ፣ ቡናማ የሆኑ ክሽክሾች አሉ። ዘይቱ ያደረቃቸው ናቸው ብዬ ከሟቾቹ ጋር ቆጥሬያቸዋለሁ።

ይህ ዘይት ንቤን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? ካልጎዳ እነዚያን ትሎች ምን ገደላቸው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ቶሎ_ቶሎ፣ የካቲት 6

እማማ፣ በሣር ሻይ አይለፉ። ማላታይን የሚባለውን ፀረ ተባይ ይግዙ፣ አንድ ጊዜ ይርጩ፣ ይገላገሉ።

ሲስተር_ጡረታ፣ የካቲት 6

እማማ አትበለኝ፣ ሲስተር በለኝ። ማላታይን ከረጨሁማ የምገላገለው ከንቦቼም ጭምር ነው። ለንብ ኃይለኛ መርዝ መሆኑን እኔም አላጣሁትም። ጥያቄዬ ስለ ዘይቱ ነው።

የቀፎ_ልጅ (ዳንግላ)፣ የካቲት 7

ሲስተር፣ ንቦቹ ለምን እንደመጡ ልንገርዎት። አባቴ መስከረም ላይ ባዶ ቀፎ ዛፍ ላይ ከመስቀሉ በፊት ውስጡን በጠጅ ሣር ያሽ ነበር። ከዚያ በወይራ ያጥነዋል። መንጋ ይገባለታል። እኔ ልጅ ሆኜ የአባቴ ጥበብ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሥልጠና ላይ ምሥጢሩን ነገሩን።

ንብ ከጅራቷ አካባቢ ናሶኖቭ የሚባል ዕጢ አላት። ቤቱን አግኝቻለሁ፣ ኑ ስትል ጅራቷን ቀና አድርጋ ዕጢዋን ትከፍትና ክንፏን ታርገበግባለች። ከዕጢው የሚወጣው ሽታ ውስጥ ሲትራልና ጄራኒዮል አለ። የጠጅ ሣር ዘይት አብዛኛው ሲትራል ነው። ስለዚህ እርስዎ ጎመኑ ላይ «ቤት እዚህ ነው» ብለው ጽፈዋል ማለት ነው። ማን ቢጠራ የማይመጣ?

ይህ ደግሞ ለመርጨት የማይመች ነገር ነው። ጠላትን ያባርራል ያሉት ነገር ንቧን ወደ ተረጨው ቅጠል ይጠራታል። በቀትር ከረጩ እርጥቡ ላይ ታርፋለች። የሳሙና ውሃ ያረጠባት ንብ ደግሞ መተንፈሻዋ ይደፈናል፣ ትሞታለች። መርጨትዎ ካልቀረ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች ብቻ።

«ከተክል የወጣ ነው፣ ችግር የለውም» የሚለውን ነገር እኔ ትቼዋለሁ። እዚህ አንድ ዘመዴ ቀፎው ውስጥ ቫሮዋ የምትባለውን መዥገር መሰል ነገር አየሁ ብሎ የጦስኝ ዘይት ከተተበት። ነገሩ መሠረት የለውም አይባልም፤ ከጦስኝ የሚገኘው ታይሞል በብዙ አገር ለቫሮዋ የሚሰጥ የታወቀ መድኃኒት ነው። የእኛ ሰው ግን መጠኑን ሳይለካ በጨርቅ ነክሮ አስገባው፣ ያውም በሙቀት ወራት። ንቦቹ ቤቱን ለቀው ውጭ እንደ ጢም ተንጠልጥለው አደሩ። ከጨርቁ አጠገብ የነበረውን እጭም እየጎተቱ ጣሉት። መድኃኒቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ መጠኑና ሙቀቱ ነው። ይህን ለነርስ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

የቀረውን ዘይት ግን እንዳይጥሉት! መስከረም ላይ ለባዶ ቀፎ ሁለት ጠብታ ይበቃል።

ዝዋይ_ግሪንሃውስ፣ የካቲት 8

ሲስተር፣ እኔ አበባ እርሻ ውስጥ ስካውት ነኝ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ማጉያ መነጽር ይዞ የጽጌረዳ ቅጠል መገልበጥ ነው። ስለዚህ የእርስዎን ጽሑፍ ሳነብ ዓይኔ የሄደው «አዞዎቹ» እና «ቡናማዎቹ» ላይ ነው።

አዞዎቹ የጥንዚዛ ልጆች ናቸው። ያቺ ቀይ፣ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ የለችም? የእሷ። እናቲቱን ሁሉም ሰው ያውቃታል፣ ልጇን ግን ማንም አያውቃትም፤ ተባይ መስላው ይጨፈልቃታል። አንዷ እጭ አድጋ ክንፍ እስክታወጣ በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ትበላለች። ሰባት ገደልኩ ካሉ ምን ያህል ክሽክሽ ከሞት እንዳዳኑ እርስዎ ያስሉት 😄

ቡናማዎቹን ዘይቱ አልገደላቸውም። እርግጠኛ ነኝ። ዘይት ወይም ሳሙና የገደለው ክሽክሽ ይጨማደዳል፣ ይጠቁራል፣ ይረግፋል። አብጦ፣ ደርቆ፣ እንደ ወረቀት ሆኖ ቅጠል ላይ የተጣበቀው ሌላ ነው። ውስጡ ተርብ አለ። የምትናደፈዋን ተርብ እንዳያስቡ። ይቺ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ነገር ናት። ክሽክሹ ውስጥ አንድ እንቁላል ትጥላለች። እጩ ከውስጥ ይበላዋል፣ ቆዳውን ቅጠሉ ላይ ይለጥፈዋል፣ እዚያው ያድጋል። ሲጨርስ ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ቆርጦ ይወጣል። በሳይንስ ስሟ ዲያሬቲዬላ ራፔ ይባላል፤ የጎመን ክሽክሽ ዋና ጠላት ናት። ማጉያ ካለዎት ቀዳዳውን ይፈልጉ። በጣም ክብ ነው፣ በመርፌ የተበሳ ይመስላል።

እንግዲህ እርስዎ ሳይረጩ በፊት ሥራው ተጀምሮ ነበር።

አሁን ወደ ዘይቱ። የተክል ዘይት ነፍሳትን የሚጎዳው በብዙ መንገድ ነው። አንዱን ብቻ ልንገርዎት፣ ይወዱታል ብዬ ነው። ነፍሳት አድሬናሊን የላቸውም፤ በእሱ ቦታ ኦክቶፓሚን የሚባል አላቸው። በቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጂኖል ለምሳሌ ይህን የኦክቶፓሚን ሥርዓት ይረብሻል። የእኛ ሰውነት በኦክቶፓሚን ስለማይሠራ ለሰው ቀለል ይላል። ለንብስ? ንብም በኦክቶፓሚን ነው የምትሠራው። ጥንዚዛም፣ ተርብም። ዘይቱ ወዳጅና ጠላት የሚለይበት ዓይን የለውም።

«ለንብ መርዝ አይደለም» የሚባለው ከየት እንደመጣም ልንገርዎት። ላቦራቶሪ ውስጥ ንብ ላይ በማይክሮግራም እየለኩ ያንጠባጥባሉ። ግማሾቹን ለመግደል ለአንድ ንብ ከ11 ማይክሮግራም በላይ ካስፈለገ «በተግባር መርዛማ ያልሆነ» ተብሎ ይመደባል። ብዙዎቹ የተክል ዘይቶች እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። ጥሩ ነው። ግን የተለካው ትልቋ ንብ ናት። የጤፍ ፍሬ የምታክለው ተርብ ላይ ማን አንጠባጠበ? አንድ ጠብታ ለእሷ ሐይቅ ነው።

ጥሩው ጎኑ ዘይት ቶሎ ይተናል። ግሪንሃውስ ውስጥ ቀይ ሸረሪትን የምትበላ ፊቶሲዩለስ የምትባል ወዳጅ ሚጥ (ሸረሪት መሰል ትንሽዬ ፍጡር) እንለቃለን። ዘይት የተረጨ ቤት ውስጥ ዕለቱኑ አንለቃትም፤ ጥቂት ቀን እንጠብቃለን። አንዳንድ ኬሚካል ቢሆን ሳምንታት ያስጠብቃል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ዘይት ገሎ ይሄዳል፣ ኬሚካል ገሎ ይቀመጣል።

መጠንዎም በዝቷል። 10 ሚሊ በሊትር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቅጠል ያቃጥላል። ወደ 5 ይውረዱ፣ መጀመሪያ ሁለት ቅጠል ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ።

ሲስተር_ጡረታ፣ የካቲት 8

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰባት ልጆች ገድያለሁ ማለት ነው። ተኝቼም አሰብኳቸው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ የረጨሁት ዘይትና ሳሙና ነው። ክሽክሹን የገደለው የትኛው ነው? ሆስፒታል ብንሆን እንዲህ ያለውን ነገር «ሁለት መድኃኒት ባንዴ ሰጥተሽ የትኛው እንዳዳነው በምን አወቅሽ» ብለው ያፋጥጡን ነበር።

ዝዋይ_ግሪንሃውስ፣ የካቲት 8

ሲስተር 👏👏 እኔ ጋ ስካውት ሆነው ይቀጠሩ። ክሽክሽን ሳሙና ብቻውን ይገድለዋል፤ ለስላሳ ገላ ላለው ነፍሳት በሙሉ ይሠራል። ግን እርጥቡ የነካውን ብቻ ነው። ከደረቀ በኋላ ሳሙናው ምንም አያደርግም። ሦስት መደብ አለዎት አይደል? ይሞክሩት።

የሜሪላንዱ_ጎመን፣ የካቲት 9

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ጓሮዬ ጎመን አለኝ፣ ክሽክሹም አለኝ (እሱም ቪዛ አግኝቶ)። ስለ ጠርሙሱ ልጨምር። እዚህ ሱቅ የሮዝመሪ፣ የቅርንፉድ፣ የናና ዘይት ያለበት መርጫ ይሸጣል። ላዩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሎ። እኔ መንግሥት መርምሮ ያጸደቀው መስሎኝ ዓመታት ገዛሁ። ለካ የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ኢፒኤ፣ እነዚህን ዘይቶች ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «አነስተኛ ሥጋት ያላቸው» ብሎ ከምዝገባ ነጻ አድርጓቸዋል። የጠጅ ሣር ዘይትም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ነጻ ነው ማለት ግን ይሠራል ብሎ የፈረመለት አለ ማለት አይደለም። የትኛው ይሠራል፣ የትኛው ወሬ ነው፣ ገዢው ነው የሚያውቀው።

ደግሞ ሰው ሁሉ የኒም ዛፍ ዘይትን ከእነዚህ ጋር አንድ አድርጎ ያየዋል። ኒም ከፍሬው ተጨምቆ የሚወጣ ወፍራም ዘይት ነው፣ ተንኖ አይጠፋም። በውስጡ ያለው አዛዲራክቲን ነፍሳቱን ባንዴ አይጥልም፤ የበላው እጭ ቆዳውን መቀየር ያቅተዋል። ትልቅ ንብ ላይ ብዙ ችግር ባያመጣም አበባ ላይ አይረጭም፤ ንቧ ወደ ቀፎ ይዛው ከገባች እጮቹ ላይ ችግር ሊመጣ ይችላል።

ቶሎ_ቶሎ፣ የካቲት 9

እሺ ሲስተር፣ ይቅርታ። ግን ውጤቱን ንገሩን። እኔም ጎመን አለኝ።

ሲስተር_ጡረታ፣ የካቲት 24

ዘገየሁ፣ እየቆጠርኩ ነበር።

መጀመሪያ የተረጩትን ሁለት መደቦች እንደገና ሙከራ ውስጥ አስገባኋቸው። አንዱን ሳሙና በውሃ ብቻ። አንዱን ሳሙናና 5 ሚሊ ዘይት በሊትር። ሦስተኛውን ምንም። የረጨሁት አመሻሽ ላይ ነው፣ ቀፎው በር ላይ አንዲት ንብ እስክትጠፋ ቆሜ ጠብቄ። ከየመደቡ አሥር አሥር ቅጠል ላይ ምልክት አሰርኩ፤ በቀይ ክር፣ በነጭ ክር፣ በሰማያዊ ክር። በደብተር መዘገብኩ። ባለቤቴ «በሽተኛዎቹ እንዴት አደሩ» እያለ ያሾፍብኛል።

በሁለተኛው ቀን ሳሙና ብቻውንና ሳሙና ከዘይት ጋር ያገኙት መደቦች የሚወራለት ልዩነት አልነበራቸውም። ሁለቱም ጋ ክሽክሹ በጣም ቀንሷል። ለዚያች ዘይት 18 ኪሎ ሣር ቆርጬላታለሁ፣ ወዳጄ አረቄዋ ተበላሽቶባታል። ሳሙናው ሥራውን ሲሠራ ዘይቱ ቆሞ ሲመለከት ነበር ማለት ነው። ጠዋት ላይ ንቦች መጡ ወይ ብዬ አየሁ፤ ጥቂት ዞረው ሄዱ። ሽታው አድሮ ደክሟል።

ምንም ያልነካሁት መደብ መጀመሪያ ሳምንት አስፈራኝ። ክሽክሹ በዝቶ ነበር። ሁለት ጊዜ ሳሙናውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። ከዚያ ቡናማዎቹ መብዛት ጀመሩ። በ15ኛው ቀን ሰማያዊ ክር ያሰርኩባቸውን ቅጠሎች ስገለብጥ ከሕያው ይልቅ ቡናማው ይበልጣል። አዞዎችም አሉ፤ አሁን አውቃቸዋለሁ፣ አንዷን ከውጭው ቅጠል አንስቼ ክሽክሽ ወዳለበት ወስጃታለሁ።

ሌላም ነገር አደረግኩ። ሙከራውን ከመጀመሬ በፊት ከረጨሁት መደብ 20፣ ካልረጨሁት 20 ቡናማ ለቅሜ በሁለት ብልቃጥ ከተትኩ። አፉን በጎዝ ሸፍኜ በላስቲክ አሰርኩት። ካልተረጨው 14 ተርብ ወጣ። ከተረጨው 5። የእኔ ብልቃጥ ምርምር አይባልም፣ አንድ ጊዜ ነው የሞከርኩት። ግን 10 ሚሊውን በጠራራ ፀሐይ ስረጭ ማንን እንደነካሁ ለማወቅ ለእኔ ይበቃኛል። የዝዋዩ ልጄ፣ ዘይቱ በዚያ ደረቅ ቆዳ ውስጥ ይገባል እንዴ?

ዝዋይ_ግሪንሃውስ፣ የካቲት 24

ቆዳው ይከልላል፣ ግን የታሸገ ጠርሙስ አይደለም፤ የዘይት ትነት ይደርሳል። የወጡትም ቢሆን እርጥብ ዘይት ላይ ከተራመዱ አለቀላቸው። ሌላ ያልተወራ ነገር አለ። ተርቧ ክሽክሹን የምታገኘው በማሽተት ነው። ጎመን ሲጎዳ ያ ሰናፍጭ ሰናፍጭ የሚል ሽታ ያወጣ የለ? እሱን ተከትላ ነው የምትመጣው። መደቡ ሁሉ ጠጅ ሣር ጠጅ ሣር ሲሸት ምልክቱ ሊጠፋባት ይችላል።

ቀጥሎ ምን ሊያደርጉ ነው?

ሲስተር_ጡረታ፣ የካቲት 25

መደቡን በሙሉ አልረጭም። ክሽክሽ ብቻ ያለበትን ቅጠል በሳሙና ውሃ በጥጥ እጠርገዋለሁ፣ ቁስል እንደማጠብ ነው። ቡናማ ወይም አዞ ካየሁበት አልነካውም። ቶሎ_ቶሎ፣ አንተም መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጥ። ከማላታይኑ በፊት ገልብጥ።

ከዘይቱ 35 ሚሊ ቀርቷል። ጠርሙሱ ላይ «ለመስከረም፣ ለባዶ ቀፎ» ብዬ ጽፌ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የዳንግላው ወንድሜ፣ ሁለት ጠብታ ነው ያልከው አይደል?

ትናንት ከሰዓት በኋላ በባለቤቴ ማጉያ መነጽር ስመለከት አንዲት ተርብ ክሽክሿ ፊት ቆማለች። በአንቴናዋ ነካ ነካ አደረገቻት። ከዚያ ሆዷን በእግሮቿ መሃል ወደ ፊት አጥፋ ወጋቻትና ወደሚቀጥለው አለፈች። ከዚያም ወደሚቀጥለው። 34 ዓመት መርፌ ወግቻለሁ፣ እንዲህ የፈጠነ እጅ አላየሁም። ክሽክሿ እንኳ የነቃች አይመስለኝም።